የስድስት ሚሊዮኑ ሸክላ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅ ነድታችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። የሙዚቃ ሸክላ የሞላ ሳጥን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ወገብ ይፈትናል። ሁላችሁም አረፍ እስክትሉ የጠበቅሁት ለዚህ ነው።

የዘንድሮው ጉባኤ ርእስ በ1960ዎቹ አሜሪካን ያጥለቀለቀው «የሜክሲኮ ስልት» የጥሩምባ ሙዚቃ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሸክላዎቻችን ላይ የታተመውም እንደዚያው ነው። አንዳንዶቻችሁ «የአበሻ ሸክላ ሰብሳቢዎች ከዚህ ጋር ምን አገናኘን?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴን ከዚሁ ከመንገዳችን ልጀምር።

እንጀራና በርበሬ ከምንገዛበት ከዚህ ከፌርፋክስ ሰፈራችን ተነሥታችሁ መንገዱን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ ሜልሮዝ ጥግ ላይ ፌርፋክስ ሃይስኩልን ታገኛላችሁ። የዚህ ስልት ጥሩምባ ነፊ ሄርብ አልፐርት የተማረው እዚያ ነው። በ1935 እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ቦይል ሃይትስ ውስጥ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ከፈለሰ አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ፤ ጥሩምባ የያዘው በስምንት ዓመቱ ነው። በ1962 ከጄሪ ሞስ ጋር መቶ መቶ ዶላር አዋጥተው፣ በመኪና ጋራዡ ውስጥ ኤ ኤንድ ኤም የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ጀመሩ። ትልቅ ሲሆኑ፣ በ1966፣ ላ ብሪያ ጎዳና ላይ ቻርሊ ቻፕሊን ያሠራውን ስቱዲዮ ገዝተው ገቡ። ላ ብሪያ ከመንገዳችን ጎን ለጎን የሚሄድ ጎረቤታችን ነው። እንግዲህ ይህ ታሪክ የሰፈራችን ታሪክ ነው።

ሁሉም የተነሣው በሜክሲኮዋ የድንበር ከተማ ቲዋና ውስጥ ከታየ አንድ የበሬ ፍልሚያ ነው። አልፐርት ከፍልሚያው ሲመለስ፣ ሶል ሌክ የደረሰውን አንድ ዜማ ወስዶ በዚያ ስሜት እንደገና አበጀው፤ መግቢያው ላይም የፍልሚያ ሜዳውን ሕዝብ ጩኸት ጨመረበት። «ዘ ሎንሊ ቡል» የምንለው ይህ ነው፤ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ስድስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ጆሮ ሰጥታችሁ ከሰማችሁት ጥሩምባው ሁለት ነው፤ ነፊው ግን አንድ ሰው ነው። አልፐርት መጀመሪያ የነፋውን ቀድቶ፣ በላዩ ላይ ራሱ ደግሞ ነፋበት። ሁለቱ ድምፆች ፍጹም አንድ ስላልሆኑ በመካከላቸው ትንሽ መንቀጥቀጥ ይፈጠራል። ያንን መንቀጥቀጥ በስልክ የሚሰማ ሰው አያገኘውም፤ ከደህና ሸክላ፣ በደህና መርፌ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ የሜክሲኮ ሙዚቃ አይደለም። ከአልፐርት ጋር መድረክ ከወጡት የባንዱ፣ የቲዋና ብራስ፣ አባላት መካከል ሜክሲኳዊ አልነበረም። ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት ጥሩምባዎች ማሪያቺ ከሚባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ የመጡ ናቸው፤ ማሪያቺም ጥሩምባን የጨመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው እንጂ ከዚያ በፊት የክር መሣሪያዎች ሙዚቃ ነበር። ስለዚህ የቲዋና ብራስ ሸክላ የሚሰበስብ የማኅበራችን አባል፣ ከጎኑ ቢያንስ አንድ የማሪያቺ ባንዱን የማሪያቺ ቫርጋስ ደ ቴካሊትላንን ሸክላ እንዲያስቀምጥ እለምናለሁ። ምንጩን ሳያውቁ ወንዙን ማድነቅ ለእኛ አይሆንም። እኛም እኮ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች፣ ከአርመናዊው መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ የነሐስ መሣሪያ ያስለመዱን ሕዝብ ነን። የተዋሱት ነገር እንዴት የራስ እንደሚሆን፣ ለባለቤቱም እንዴት ክብር እንደሚሰጥ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። «ዊፕድ ክሪም ኤንድ አዘር ዲላይትስ» የተባለውን የ1965 አልበም የማያውቅ እዚህ የለም፤ ክሬም የለበሰችው ሴት ያለችበት አረንጓዴ ሽፋን ነው (ክሬሙ በአብዛኛው የጢም መላጫ አረፋ ነበር)። ስምንት ሳምንት በአንደኛነት ተቀመጠ፤ አሜሪካ ውስጥ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሁሉ ውስጥ አለ። በዚህም ምክንያት ማንም አያነሣውም። ጣታችን ያልፈዋል፣ ዓይናችን ያልፈዋል፤ «እሱማ ሞልቷል» እንላለን።

ወገኖቼ፣ «ሞልቷል» ያልነውን ነው ያጣነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተመ። በየቡና ቤቱ ሲዘፍን የዋለ ሸክላ ነበር። ካሴት ሲመጣ ለልጅ መጫወቻ ሆነ፣ ለድስት ማስቀመጫ ሆነ፣ አቧራ በላው። ዛሬ ያልተጫረ አንድ ቅጂ ስናገኝ እጃችን ይንቀጠቀጣል። ያኔ ይጠበቅ ያለ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ሞልቶ ነበር።

ስድስት ሚሊዮን የተሸጠ ሸክላ ማለት ስድስት ሚሊዮን ንጹሕ ቅጂ አለ ማለት አይደለም። ለጭፈራ የተገዛ ነው፤ በማጫወቻ ከባድ ክንድ፣ በደነዘ መርፌ፣ መጠጥ በተያዘበት እጅ የተጫወተ ነው። የጥሩምባ ድምፅ ደግሞ ለጎድጓዳው መስመር ከባድ ነው። ያረጀ መርፌ ከፍ ባለው ድምፅ ላይ መስመሩን ይፍቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥሩምባው «ሽርር» እያለ ይወጣል። ስለዚህ ስትገዙ የመጀመሪያውን ዘፈን አትመኑ። መርፌውን ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ ወደ መሃሉ ቀርቦ ያለው ዘፈን ላይ አሳርፉትና ከፍተኛውን ኖታ ስሙ። ገበናው የሚገለጠው እዚያ ነው።

ከዚያ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ዘፈኑ ካለቀበት አንሥቶ እስከ መሃሉ ወረቀት ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረ ቁጥር አለ። ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ በሞናርክ ማተሚያ የታተመ ነው። የ«ዊፕድ ክሪም» ሽፋን ላይ ኤልፒ 110 የሚል ካለ ሞኖ (ድምፁ ሳይከፈል የተቀዳ)፣ ኤስፒ 4110 የሚል ካለ ስቴሪዮ (ድምፁ ለግራና ለቀኝ የተከፈለ) ነው። እኔ ሞኖውን እወድዳለሁ፤ ጥሩምባው ፊት ለፊት ቆሞ ያናግራችኋል።

ንጹሕ የሞኖ ቅጂ ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፓሳዴና ሮዝ ቦውል ገበያ፣ ከአንድ አዛውንት ሳጥን ግርጌ፣ የውስጥ ወረቀቱ ሳይቀደድ አገኘሁት። ቤት ገብቼ ከአልበሙ «ኤ ቴስት ኦፍ ሀኒ» የተባለውን ዘፈን ከፈትሁ። መግቢያው ያልቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ የከበሮ መቺው የሃል ብሌን ትልቁ ከበሮ ብቻውን «ድም፣ ድም፣ ድም» ይላል። ሙዚቀኞቹ አንድ ላይ መግባት ስላቃታቸው ለምልክት ብሎ የመታው ነው፤ ሳይቆረጥ ቀረ፣ ዘፈኑም በ1966 የዓመቱ ምርጥ ሸክላ ተብሎ ግራሚ ወሰደ። ያንን ከበሮ ያለ አንዳች ጭረት ስሰማ ልጄን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሰማሁት።

ያ ሸክላ ዛሬ የለኝም። ባለፈው ነሐሴ ለወዳጅ ላሰማ ይዤው ወጥቼ፣ መኪናዬ ኋላ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ተውሁት። ስመለስ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምሞ ጠበቀኝ። እስካሁን ያሳዝነኛል። የተጎዳውን ሸክላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላችኋለሁ፤ እያያችሁ እለፉ፣ በተለይ ወጣቶቹ።

ስለዚህ ለዚህ ዓመት የሥራ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አባል ማንም የማያነሣውን አንድ ርካሽ ሸክላ ይምረጥ፤ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠበው፣ አዲስ የውስጥ ወረቀት ያልብሰው፣ አቁሞ እንጂ አስተኝቶ አያኑረው። የተጫረውን ቁጥርና ከማን እጅ እንዳገኘው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያስፍር። መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው፣ እስክሪብቶም አለ። የማሪያቺውን ጉዳይ ከምሳ በኋላ እንወያይበታለን፤ የሂሳብ ሪፖርቱም ያኔ ይቀርባል።

የቡናው ዕጣን ሸትቶኛል፣ አላቆያችሁም። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ እያበሰርኩ፣ ከአባሎቻችን አንዷ ያመጣችውን ባለ ሦስት ማዕዘኑን ቅጂ እንድታስጀምርልን ወደ ማጫወቻው እጋብዛታለሁ።