እሜቴ ገበሬ ማኅበር ፊት ሲቀርቡ

ሀ፦ ዛሬ የራስሽን ቤት ጉድ ልናወጣ ነው አይደል?

ለ፦ (ሳቅ) የእናቴን ወገን። አርሲ፣ አሰላ አካባቢ ባላባቶች ነበሩ። አሁን የቀረን አንድ ፎቶና ብዙ ወሬ ነው።

ሀ፦ መቼም የካቲት 25 ቀን 1967 ነው የምትዪኝ። ደርግ የገጠር መሬት የወረሰበት አዋጅ።

ለ፦ እሱ ግንዱን ጣለው እንጂ ምሳሩ የገባው ቀደም ብሎ ነው። 1960 ላይ እዚያው አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ ካዱ ተጀመረ፤ ስዊድኖች የረዱት የእርሻ ልማት ፕሮጀክት። ማዳበሪያ መጣ፣ ምርጥ ዘር መጣ፣ ስንዴ ገንዘብ ሆነ። ባላባቱም ማስላት ያዘ፦ ግማሹን ለጭሰኛ ከምተው በትራክተር ባሳርስስ?

ሀ፦ ከዚያ ጭሰኛውን አስነሳው።

ለ፦ ስንቱን! የእኛም ቤት አስነስቷል፣ አልደብቅህም። በየፋሲካው ሙክት እየጎተተ ሲመጣ የኖረን ሰው። ስለዚህ አዋጁ ሲመጣ የሚያዝንላቸው ጎረቤት አልነበረም።

ሀ፦ አዋጁ ግን ጨርሶ ባዶ እጅ አላስቀረም እኮ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ይፈቅዳል። ሩብ ጋሻ ማለት ነው።

ለ፦ ይፈቅዳል፤ ግን ራስህ እረስ ነው የሚለው። ቅጥር ክልክል። ወንድ አያቴ ደግሞ ዕርፍ ጨብጠው አያውቁም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ሲወረስ ከተማ ያከራዩት የነበረውም ሄደ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ሀ፦ ሴት አያትሽስ?

ለ፦ ታሪኩ የእሳቸው ነው። አዋጁ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት በቅጥር እንድታሳርስ ይፈቅዳል። እሳቸው ግን ገበሬ ማኅበሩ ፊት ቀርበው «ምንም የለኝም» ማለት ነበረባቸው። ዕድሜ ልካቸውን «እሜቴ» የተባሉ ሴትዮ! ሊቀመንበሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የድሮ ጭሰኛቸው።

ሀ፦ ውይ! ተበቀላቸው?

ለ፦ የለም። ሲገቡ ሳያስበው ብድግ አለ። ወዲያው ሰው እንዳየው ገባውና ደነገጠ። ለአድሃሪ ተነሳ ሊባል ነው እኮ! ግን መልሶ መቀመጥም አቃተው።

ሀ፦ እሳቸውስ ተቀመጡ?

ለ፦ እናቴ እንደምትለው ጉዳዩ ሁለቱም እንደቆሙ ነው ያለቀው። ፈቀደላቸው።