ሦስት ቧንቧ፣ አንድ መንገድ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ዲሲ-10 ነው። አውሮፕላኑን በፎቶም ቢሆን አይታችሁት ከሆነ የሚያስታውቀው ሦስተኛው ሞተሩ ነው። ሁለቱ በክንፎቹ ሥር ተንጠልጥለዋል፤ ሦስተኛው ጭራው ላይ፣ ቀጥ ብሎ በቆመው ክንፍ ሥር ተሰክቷል። እዚያ ሞተር ጋ ኋላ እንመለሳለን።

ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። አውሮፕላኑ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በ1971 ነው። ማክዶኔል ዳግላስ በጠቅላላው 446 ሠርቷል፤ 60ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 2024 አየር ላይ ነዳጅ ይቀዳባቸው የነበሩ ናቸው። ስሙ የጠፋው በ1970ዎቹ ነው፤ ከጠፋ በኋላም አልተመለሰለትም። በ1979 አንታርክቲካ ውስጥ ኤሬበስ ተራራ ላይ ተላትሞ 257 ሰው ያለቀበት አደጋ እንኳ በሱ ይሳበባል፤ አውሮፕላኑ ግን ደህና ነበር፣ የበረራ መስመሩ ተቀይሮ አብራሪዎቹ ሳይነገራቸው ነው የበረሩት። እሱን እንተወው። የአውሮፕላኑ የራሱ የሆኑት አደጋዎች ላይ ላዩን ሲታዩ አይገናኙም፤ አንዱ የበር፣ አንዱ የጥገና፣ አንዱ የብረት ነው። ለእኔ ግን አንድ ነገር ያገናኛቸዋል። ለመጠባበቂያ ተብለው የተሠሩት ነገሮች ሁሉ በአንድ ቦታ ነበር የሚያልፉት።

መጀመሪያ በሩን እንይ። የጭነት ክፍል በር በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ከውስጥ እንደ ውታፍ የሚደፍን ነው፤ የካቢኑ የአየር ግፊት ራሱ ያጠብቀዋል። የዲሲ-10 በር ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ የጭነት ቦታ አይሻማም፣ ነገር ግን አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በሩን ሊበረግደው ይታገላል። የሚይዘው መንጠቆው ብቻ ነው።

አዘጋጉ እንዲህ ነበር። የጓዝ ሠራተኛው ማብሪያውን ተጭኖ ይይዛል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር መንጠቆዎቹን ያዞርና በሩን ያስጨብጣቸዋል። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር መንጠቆውን የሚያንቀሳቅሰው አንጓ ነው። አንጓው ከመሐል መስመሩ ትንሽ አልፎ ከቆመ ግፊቱ ይበልጥ ይቆልፈዋል። ጥቂት ሚሊሜትር ከቀረው ግን ግፊቱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ሠራተኛው የውጭ እጀታውን ይዘጋል፤ እጀታው የመቆለፊያ ፒኖቹን ያስገባል፣ በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መውጫም ይዘጋል። መንጠቆው በደንብ ካልጨበጠ ፒኑ ይጋጫል፣ እጀታውም እምቢ ይላል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። በተግባር ግን የውስጡ ዘንግ ስስ ስለነበር እጀታውን በጉልበት ሲገፉት ዘንጉ ይለመጥና እጀታው ይዘጋል። የአየር መውጫዋም ትዘጋለች፣ አብራሪው ፊት ያለው የበር መብራትም ይጠፋል። ሦስቱም ምልክቶች በሩ ተቆልፏል ይላሉ፤ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ እጀታው ነው እንጂ ስለ መንጠቆው አይደለም።

ጁን 12 ቀን 1972 የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 96 ከዲትሮይት ተነሥቶ በካናዳዋ ዊንዘር ሰማይ ላይ ሳለ፣ ወደ 11,750 ጫማ ከፍታ ላይ የኋላው በር ተገንጥሎ ሄደ። ዲትሮይት ላይ ሠራተኛው እጀታው ሲያስቸግረው በጉልበቱ ገፍቶ ነበር የዘጋው። በሩ ሲሄድ የጭነት ክፍሉ ግፊት በቅጽበት ይወርዳል፣ ከላይ ያለው የመንገደኛ ክፍል ግን ገና በግፊት እንደተሞላ ነው። መሐላቸው ያለው ወለል ይህን መቋቋም አይችልም፣ ወደ ታች ይደረመሳል። ጭራውን የሚያዝዙት የመሪ ገመዶች ደግሞ በዚያው ወለል ሥር ነው የሚያልፉት። ሦስቱም የሃይድሮሊክ ሲስተሞች፣ ማለትም መሪዎቹን በፈሳሽ ግፊት የሚያንቀሳቅሱት፣ ደህና ሆነው፣ ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ ግን ከወለሉ ጋር ይቆረጣል። በዚያ በረራ ካፒቴን ብራይስ ማኮርሚክ አስቀድሞ በሲሙሌተር ላይ በሞተር ጉልበት ብቻ መምራትን ተለማምዶ ስለነበር 67ቱም ሰዎች ዳኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያበሳጨው። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን አስገዳጅ ትእዛዝ ከማውጣት ይልቅ ከአምራቹ ጋር በቃል ተስማማ፤ ማሻሻያው በአገልግሎት ማስታወቂያ፣ ማለትም በማያስገድድ ምክር መልክ ወጣ። በሩ ላይ ፒኑ የሚታይበት ትንሽ መስኮት ተበጀ፣ ዘንጉን የሚደግፍ ሳህን እንዲጨመርም ተመከረ። በአንድ የቱርክ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ሳህኑ ሳይገጠም መዝገቡ ላይ ተገጥሟል ተብሎ ተፈረመ። ማርች 3 ቀን 1974 ያ አውሮፕላን ከፓሪስ ኦርሊ ተነሣ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛና በቱርክኛ ነበር፤ በሩን የዘጋው ሠራተኛ ሁለቱንም አያነብም። በሩ ከተገነጠለ ከ77 ሰከንድ ገደማ በኋላ አውሮፕላኑ ኤርሜኖንቪል ጫካ ውስጥ ተከሰከሰ፣ 346 ሰው ሞተ። በዊንዘሩ በረራ ወለሉ የተደረመሰበት የኋላ ክፍል መንገደኛ አልነበረበትም፣ ገመዶቹም ሁሉ አልተቆረጡም። በፓሪሱ ግን አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከዚህ ወዲያ ነው ወለሉ እንዲጠናከርና ግፊት ማስተንፈሻ ቀዳዳ እንዲኖረው የተገደደው።

ሁለተኛው ቺካጎ ነው፣ ሜይ 25 ቀን 1979፤ 271 ተሳፋሪና ሠራተኛ፣ ምድር ላይ ደግሞ 2 ሰዎች ሞቱ። ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ሳምንት በፊት ጥገና ላይ ነው። የአምራቹ መመሪያ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ከዚያ ሞተሩን ከክንፍ ጋር የሚያያይዘውን ፓይለን ለየብቻ አውርዱ ይላል። የአውሮፕላኑ ባለቤት አሜሪካን ኤርላይንስ ግን ሁለቱንም ባንድ ላይ በፎርክሊፍት ማውረድ ጀመረ። የሚፈቱት መገጣጠሚያዎች ከ79 ወደ 27 ይወርዳሉ፣ በአንድ አውሮፕላን 200 የሥራ ሰዓት ያህል ይተርፋል። ነገር ግን ፎርክሊፍት ይህን ያህል ክብደት ተሸክሞ በሚሊሜትር ልክ እንዲቆም የተሠራ ዕቃ አይደለም። ትንሽ ዝቅ ሲል ወይም ሲያጋድል የፓይለኑ የኋላ ግድግዳ ጠርዝ ከክንፉ ማያያዣ ጋር ይጋጭና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በየበረራው እያደገ ሄዶ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲያኮበኩብ የግራው ሞተር ከነፓይለኑ ተነቅሎ በክንፉ ላይ ተገልብጦ ሄደ።

ሞተር መጥፋቱ ብቻውን አይጥልም፤ ዲሲ-10 በሁለት ሞተር ይነሣል። የጣለው ሞተሩ ሲሄድ ይዞት የሄደው ነው። በክንፉ የፊት ጠርዝ የሚያልፉትን የሃይድሮሊክ ቧንቧዎች በጠሳቸው። ስላት የሚባሉት፣ ክንፉ በዝግታ ሲበር እንዲሸከም ወደ ፊት የሚዘረጉት ሳህኖች፣ ፈሳሹ ሲያልቅ በአየሩ ግፊት ተመልሰው ገቡ፤ በግራ ክንፍ ብቻ። አሁን የግራው ክንፍ መሸከም የሚያቆመው በ159 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ነው፣ የቀኙ ገና በጣም ዝቅ ብሎ። ሁለቱ ስላቶች ተለያይተዋል ብሎ የሚናገረው ማስጠንቀቂያና ክንፉ ሊከዳ ሲል የካፒቴኑን መሪ የሚያንቀጠቅጠው መሣሪያ መብራት የሚያገኙት ደግሞ ከዚያው ከተነቀለው ሞተር ጄኔሬተር ነበር። መንቀጥቀጫ የነበረው በካፒቴኑ በኩል ብቻ ነው። አብራሪዎቹ ሞተር ሲጠፋ አድርጉ የተባሉትን አደረጉ፤ አፍንጫውን ቀና አድርገው ፍጥነቱን ከ172 ኖት ወደ መመሪያው 153 መቀነስ ጀመሩ። 159 ላይ ሲደርስ ግራው ክንፍ ከዳ። አየር ላይ የቆዩት 31 ሰከንድ ገደማ ነው። መመሪያውን ባይከተሉና ፍጥነቱን ባይቀንሱ ይበሩ ነበር፤ ግን ይህን የሚነግራቸው አንድም መሣሪያ አልቀረላቸውም። በአብራሪዎቹ ላይ መፍረድ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ጭራው ላይ ወዳለው ሞተር ይመልሰናል። ጁላይ 19 ቀን 1989፣ ዩናይትድ 232 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ በ37,000 ጫማ ላይ ሳለ የዚያ ሞተር የፊት ማራገቢያ ዲስክ ተሰነጠቀና ፈነዳ። ዲስኩ ታይታኒየም ነው። ብረቱ ሲቀልጥ ናይትሮጅን የበዛበት ጠንካራና ተሰባሪ ነጥብ ውስጡ ቀርቶ ነበር፤ ስንጥቁ የጀመረው እዚያ ነው። ዲስኩ በሥራ ዘመኑ ስድስት ጊዜ ስንጥቅ በሚያሳይ አብረቅራቂ ፈሳሽ ተፈትሿል። በመጨረሻው ፍተሻ ስንጥቁ በፍተሻው ሊታይ የሚችል ርዝመት እንደነበረው መርማሪዎቹ ደርሰውበታል፤ ግን አልታየም።

ስብርባሪው የ1ኛውንና የ3ኛውን ሲስተም ቧንቧ ቆረጠ፤ የ2ኛው ፓምፕ ከሞተሩ ጋር ሄደ። የሦስቱም ቧንቧ ጭራው ውስጥ፣ እዚያው ሞተር አጠገብ ነበር የሚሰበሰበው። ሦስት ጉልቻ ድስት የሚሸከመው ተራርቆ ስለሚቆም ነው፤ እዚህ ሦስቱም አንድ ጥግ ነበሩ። ሦስቱ ባንድ ላይ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ስላልነበር አብራሪው የሚከተለው መመሪያም አልተጻፈም። ካፒቴን አል ሄይንስና ጓደኞቹ፣ መንገደኛ ሆኖ የተሳፈረው የበረራ አስተማሪ ዴኒ ፊች ተጨምሮ፣ የሁለቱን ሞተሮች ጉልበት እያበላለጡ 44 ደቂቃ መሩት። ሱ ሲቲ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሲያርፍ ፍጥነቱ 215 ኖት፣ ቁልቁለቱ በደቂቃ 1,850 ጫማ ነበር፤ ደንበኛ ማረፊያ 140 ኖትና 300 ጫማ ነው። ከ296 ሰው 184ቱ ተረፉ።

ታዲያ አራት ሲስተም ቢኖረውስ? ቦይንግ 747 አራት አለው። በ1985 የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 የኋላ የግፊት ግድግዳው ሲፈነዳ አራቱም ጭራው ውስጥ ፈሰው አለቁ፣ 520 ሰው ሞተ።

ከሱ ሲቲ በኋላ ለዲሲ-10 የተጨመረው አራተኛ ሲስተም አይደለም። በ3ኛው ሲስተም ቧንቧ ላይ፣ ወደ ጭራው በሚገባበት ቦታ፣ አንድ ቫልቭ ተገጠመ። ፈሳሹ ከመጠን በታች ሲወርድ ራሱ ይዘጋል፤ ከቫልቩ ወደ ኋላ ያለው ይፈስሳል፣ ወደ ፊት ያለው ይቀራል። አብራሪው እጅ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ግን በሞተር ብቻ ከመምራት ይሻላል። አውሮፕላኑ ይህን ቫልቭ ይዞ እስከ 2014 መንገደኛ አመላለሰ።