ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር

የተከበራችሁ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ የወላጅ መምህራን ኅብረት አባላት፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትና ተማሪዎቻችን» ይላል። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ክፍል ቁልፍ ላውራችሁ።

ስድስት ኮምፒውተሮች እኔ ወደምሠራበት የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የገቡ ዕለት ንብረት ክፍል ጠርቶ ሞዴል 22 የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ቅጽ አስፈረመኝ። ስድስት ስክሪን፣ ስድስት ኪቦርድ፣ ስድስት ማውስ። ሁሉም በእኔ ስም። አንዱ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል። ይህን ፊርማ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። እኔም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ። ጨርቅ ገዝቼ ልብስ አሰፋሁላቸው። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ከቤቴ ቁልፍ ጋር አሰርኩት። ሦስት ዓመት እንደዚያው ተቀመጡ።

በየዓመቱ ቆጣሪዎች ይመጣሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ስድስቱም አሉ። «በርቺ» ብለውኝ ይሄዳሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ልጅ አልነካቸውም።

የፈራሁት ለማውሱ ብቻ አልነበረም። ማብራትና ማጥፋት እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር። ልጆች ፊት «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። ይህን የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ በዚሁ ፍርሃት ውስጥ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው።

በሩን ያስከፈተችኝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመጽሐፍ መዝገባችን ገጾቹ ተገነጣጥለው በላስቲክ ታስሮ ነበር። ቆጠራ ላይ ሆኜ ስገላብጥ አየችኝ። «ቲቸር፣ ይሄማ ኤክሴል ላይ ይገባል። ላሳይዎት?» አለችኝ። ቁልፉን አወጣሁ። ጨርቁን ስንገፈው አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት መልስ አምስት ልጆች ይመጡ ጀመር። እኔ የመጽሐፉን ስም እጠራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ሲደክማቸው እንቀያየራለን። በአንድ ጣት ነበር የምጽፈው። «ቲቸር፣ በሁለት እጅ» ይሉኛል። ከሦስት ሺህ በላይ መጽሐፍ በዚህ ዓይነት አስገባን።

ታዲያ ሥራው ያለቀ ቀን አንድ ልጅ «የአለም ታሪክ» ብሎ ጽፎ ፈለገ። የለም አለው። መጽሐፉ ከፊቱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ በዓይኑ እያየው ነው! ለካ ሽፋኑ ላይ «የዓለም» ተብሎ በዐይኑ ዐ ተጽፏል፣ እኛም እንዳለ አስገብተነዋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም። ለእሱ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ አ እና ዐ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው።

ልጆቹ አልተኙም። ከመጽሐፉ ትክክለኛ ስም ጎን ሌላ ረድፍ ከፈቱ፤ «መፈለጊያ» አሉት። እዚያ ረድፍ ላይ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መቀየር ጀመሩ። አምስት ፊደል፣ ሰባት ሰባት ቤት፣ 35 ቅያሬ። ጨርሰው ሲሞክሩት አሁንም የለም አለ! «ዓለም» የሚጻፈው በራብዑ፣ በአራተኛው ቤት ዓ ስለሆነ «ኣለም» ሆኖ ቀርቷል። ኣን ወደ አ፣ ሃን ወደ ሀ ጨመሩ። 37 ሆነ። ከዚያ መጽሐፉ ወጣ። ጩኸታቸው ዳይሬክተሩን ከቢሮው አስወጣው። አሁን ግድግዳው ላይ «ስትፈልጉ በሀ፣ በሰ፣ በአ፣ በጸ ብቻ ጻፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ የመጣው ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ለምን ሁለት ሰ አለን?» ዝም አልኩ። ለካ በር ላይ ቆመው የሚሰሙ ሰው አሉ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው፤ ልጅ ሆነው ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ። «እሱማ አንዱ ንጉሡ ሠ፣ አንዱ እሳቱ ሰ ነው» አሉ። ገብተው ተቀመጡ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እሳት በእሳቱ ሰ፣ ንጉሥ በንጉሡ ሠ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የኔታ» ነው የሚሏቸው። አሥር ዓመት በዚያ በር ስገባና ስወጣ ከሰላምታ ሌላ አውርቻቸው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያመጣኝን ነገር ልናገር።

ኮምፒውተር ቢሰበር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ትጠየቃለች። ሦስት ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ ግን የሚጠየቅ የለም! ያ ቁልፍ እያለ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው የወጡ ልጆች አሉ። ማውስ ሳይጨብጡ ወጡ። እነሱን በየትኛው ሞዴል ነው የምንቆጥራቸው? በየትኛው ፊርማ ነው የምንረካከባቸው?

የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ታስታውሳላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን እዚያው ነበርን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይሮጣል። ልጁ «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ሊለው አይችልም። መምህሩም ጥግ ይዞ ይቆማል። ጊዜው ሲያልቅ ይጠፋል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል። ልጅ የማይነካው መሣሪያ መጨረሻው ምን እንደሆነ አይተናል። ለምን እንደግመዋለን?

ስለዚህ ኃላፊዎቻችን፣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተማሪ እጅ ሲሠራበት የተበላሸ ዕቃ ከሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥ። የተሰረቀ ይጣራ፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ ይጠየቅበት። በአገልግሎት ያረጀ ማውስ ግን የእኔ ዕዳ አይደለም። እናንተም የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሁሉንም እስክታውቁ አትጠብቁ። እኔ ብጠብቅ ኖሮ ጨርቁ ዛሬም አይገፈፍም ነበር።

ኢንተርኔት የለንም ለምትሉ፣ እኛም የለንም። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የአማርኛውን ዊኪፒዲያ ኢንተርኔት ካለበት አንድ ጊዜ ብታወርዱት ከዚያ በኋላ ያለ ኔትዎርክ ይነበባል።

ቻትጂፒቲ የሚባለውን ጥያቄ መላሽ ፕሮግራምም አንስቼ ልለፍ። ልጆቹ ቤታቸው በስልክ የቤት ሥራ ያሠሩታል፤ እኔ አልከለክልም። መልሱን ይዘው ይመጣሉ፣ ከመጽሐፍ ጋር እናመሳክራለን። የዓድዋን ድል 1896 ዓ.ም. ብሎ የጻፈላት ልጅ ነበረች። መጽሐፍ ከፍታ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን አገኘች። የፈረንጁን ዓመት ዓ.ም. ብሎ እንደሰጣት ራሷ ነች ያወቀችው።

የ37ቱን ቅያሬ ሰንጠረዥና የኤክሴሉን ፋይል በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። በሻይ ሰዓት መገልበጥ ትችላላችሁ። አምስቱ ልጆችም መጥተዋል፤ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። አሠራሩን እነሱን ጠይቋቸው፤ ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።

አመሰግናለሁ።