አንዱ ኮር ሲጨነቅ ሌሎቹ ሥራ ፈተዋል

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ። ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናየው የሲፒዩውን አማካይ ነው። 16 ኮር (ሲፒዩው ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል) ባለው ማሽን ላይ አንዱ ኮር መቶ በመቶ ተወጥሮ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ፣ አማካዩ የሚያሳየው 6 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያማ "ሲፒዩው ሰላም ነው፣ መስመሩ ነው" ተብሎ የኔትወርክ ልጆች ላይ ጣት ይቀሰራል።

እባካችሁ አማካዩን ተዉት። ቶፕን (top፣ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የሊኑክስ ትእዛዝ) ከፍታችሁ 1 ቁጥርን ተጫኑ፣ ኮሮቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ከነሱ የአንዱ "ኤስአይ" የሚለው ቁጥር (si፣ ፓኬት መቀበልን ለመሰለ ሥራ የሚሄደው ጊዜ በመቶኛ) ወደ መቶ ከተጠጋ፣ ከኔትወርክ የሚመጣውን ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ሁሉ ብቻውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። ፕሮክ ሥር ያለውን የኢንተራፕት ፋይልም (/proc/interrupts) እዩት፤ ኢንተራፕት ማለት ካርዱ "ፓኬት መጣ" ብሎ ኮሩን የሚቀሰቅስበት ምልክት ነው። በኔትወርክ ካርዱ መስመር ላይ ቁጥሩ የሚጨምረው በአንድ ዓምድ፣ ማለትም በአንድ ኮር፣ ብቻ ከሆነ፣ በቃ፣ ተገኘ።

ለአንድ ኮር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። በ10 ጊጋቢት መስመር ትንንሾቹ ፓኬቶች በሙሉ ፍጥነት ቢመጡ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው 67 ናኖሰከንድ ነው። ሊኑክስ አንዴ ከተቀሰቀሰ በኋላ ኢንተራፕቱን ዘግቶ ፓኬቶቹን በጅምላ ይለቅማል፣ ይረዳል፣ ግን ይሄም ልክ አለው።

መላው ካርዱ ውስጥ አለ። ደህና ካርድ ብዙ ወረፋ አለው፤ ከላኪና ከተቀባይ አይፒና ፖርት ሀሽ (አጭር መለያ ቁጥር) አውጥቶ ፓኬቱን ወደ አንዱ ወረፋ ይመራዋል፣ እያንዳንዱ ወረፋም የራሱ ኢንተራፕት አለው። አርኤስኤስ (RSS) የሚሉት ይሄንን ነው። ኢትቱልን (ethtool፣ የካርዱን ቅንብር የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስንት ወረፋ እንደተከፈተ ጠይቁት። ቨርቹዋል ማሽን ላይ በተለይ፣ 8 መክፈት እየተቻለ 1 ብቻ ተከፍቶ ታገኛላችሁ። (ማንም አይነግራችሁም!)

ወረፋዎቹን ከከፈታችሁ በኋላ ኢንተራፕቶቹን ለኮሮቹ አከፋፍሉ። አይአርኪው ባላንስ (irqbalance፣ ኢንተራፕቶችን ራሱ የሚያከፋፍል ፕሮግራም) እየሠራ ከሆነ ግን በእጃችሁ ያስተካከላችሁትን ሊቀይርባችሁ ይችላል፤ ወይ አስቁሙት፣ ወይ እነዚህን አትንካ በሉት። ሁለት ሶኬት (የሲፒዩ መሰኪያ) ባለው ማሽን ካርዱ የተሰካበትን ሶኬት ኮሮች ምረጡ፣ አለዚያ ዳታው ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ሲመላለስ ጊዜ ይበላል። ካርዱ ባለ አንድ ወረፋ ከሆነስ? በ2010 ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና አካል) ውስጥ የገባው አርፒኤስ (RPS) ያንኑ ማከፋፈል በሶፍትዌር ይሠራዋል።

አንድ ነገር ግን አትጠብቁ። ትራፊኩ ሁሉ በአንድ ግንኙነት የሚመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንድ የቪፒኤን ቱቦ፣ ሀሹ ሁሌም ያው ነው፣ ወረፋውም ያው አንዱ ነው። እዚያ ላይ 32 ወረፋ ብትከፍቱም ለውጥ የለውም፤ ትራፊኩን በብዙ ግንኙነት መከፋፈል ነው ያለባችሁ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።