ለሰው አገር ብሎ የራሱን ከተማ የሚያስይዝ አለ?

እሺ የድሬ ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። ፊት የተቀመጣችሁ እናቶች አባቶች፣ አክብራችሁን ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። የበርጫ ሰዓት እንደደረሰ አውቃለሁ አቦ፣ ብዙ አላስቀምጣችሁም።

የዛሬ ወሬያችን የኑክሌር ጃንጥላ የሚባለው ነገር ነው። አሜሪካ ለጃፓን፣ ለደቡብ ኮሪያ፣ ለአውስትራሊያና ለኔቶ አገሮች እናንተን የነካ እኔን ነካ፣ ካስፈለገ ኑክሌርም አለ ብላ ቃል ገብታለች። ዋስ ሆናለች በሉት፣ ብቻ እዚህ ጋ ዋሱ የሚያስይዘው የቤት ካርታ ሳይሆን ከተማ ነው፣ ከነህዝቡ።

የፈረንሳዩ መሪ ደጎል ይሄ ነገር ቀድሞ ገብቶት ነበር፣ በፈረንጆቹ 1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፓሪስ ሲመጣ ለፓሪስ ብላችሁ ኒውዮርክን ታስመታላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀው። ደጎል ግን መልስ አልጠበቀም፣ ቀድሞ በ1960 የራሱን ቦምብ ሞክሮ ጨርሷል። የት ሞከረው? አልጄሪያ፣ ሰሃራ ላይ! የፈረንሳይ ስጋት፣ የአፍሪካ ጨረር።

ቱርክን ደግሞ እዩ። ጁፒተር የሚባሉትን የአሜሪካ ኑክሌር ሚሳይሎች ተከላካይ አገኘሁ ብላ ተቀበለች፣ በዛው የሶቭየት ኢላማ ሆነች፣ ከዛ በ1962 ሶቭየት ኩባ ላይ ሚሳይል አስቀምጣ ግርግር ሲመጣ ኬኔዲ ሚሳይሎቹን ከቱርክ አወጣለሁ ብሎ ከሶቭየቱ መሪ ከክሩሽቼቭ ጋር በድብቅ ተስማማ፣ ቱርክን ማንም አላማከራትም። በ2016 ደግሞ የመፈንቅለ መንግስት ሙከራው ጊዜ ኢንጂርሊክ የሚባለው ቤዝ መብራት ጠፋበት፣ የቱርኩ አዛዥ ታሰረ፣ የአሜሪካ ቦምቦች እዛው ግቢ ውስጥ እንዳሉ ነው ባለሙያዎች የሚናገሩት። የሰው ቦምብ ቤትህ አስቀምጠህ በሩን ማን እንደሚዘጋው አለማወቅ ማለት ይሄ ነው።

ኮሪያ የራሳችን ታሪክ አለበት። በ1951 ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኛ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ሲነሳ በዚሁ በድሬ አልፎ ነው ጅቡቲ የወረደው፣ በዛ ጦርነት ከ120 በላይ ልጆቻችን አልቀዋል። እነሱ ከመሄዳቸው ጥቂት ወራት በፊት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን የኑክሌር ቦምቡን የመጠቀም ጉዳይ እየታየ ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ተናግሮ ነበር። ቢጣል ኖሮ የኛ ልጆች ማን ጠይቋቸው?

አሁን ሰሜን ኮሪያ ከ2017 ወዲህ አሜሪካ ድረስ ይደርሳል የሚባል ሚሳይል ስላላት ደቡብ ኮሪያ የደጎልን ጥያቄ እየጠየቀች ነው፣ የራሳችንን ቦምብ እንስራ የሚለው ሰው በየጥናቱ ከግማሽ በላይ ነው። አሜሪካ ደግሞ አለሁ ለማለት በ2023 ኑክሌር የሚሸከም ሰርጓጅ መርከብ ቡሳን ላከች፣ ሰሜኖቹ ወዲያው ሚሳይል ተኮሱ። ቃሉ እንዲታመን በየጊዜው መፎከር አለብህ፣ በፎከርክ ቁጥር ደግሞ የሆነ ቀን አንዱ ፉከራውን የምር እንዳይወስደው ነው የኔ ፍርሃት። እርግጥ ጃንጥላው ባይኖር ጃፓንም ጀርመንም ቦምብ ይሰሩ ነበር የሚሉ አሉ፣ ሀሰት ነው አልልም፣ ግን እስካሁን አልፈነዳም ማለት ማስተማመኛ አይሆንም።

ምን አገባን የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2022 ኔቸር ፉድ በሚባል የሳይንስ መፅሔት ላይ የወጣ ጥናት ህንድና ፓኪስታን ብቻ በኑክሌር ቢዋጉ ጭሱ ፀሐይ ጋርዶ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊያልቅ ይችላል ይላል። ስንዴያችን በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ ያኔ ማን ይሸጥልናል?

አፍሪካ የፔሊንዳባ ውል አላት፣ ከ2009 ጀምሮ ስራ ላይ ነው፣ ኢትዮጵያም አፅድቃዋለች፣ የማንም ኑክሌር መሬታችን ላይ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ቀዳዳው ግን አንቀፅ 4 ላይ ነው፣ የውጭ መርከብና አውሮፕላን መጥቶ ቢያርፍ ወይ ቢያልፍ መፍቀድ አለመፍቀዱን ለየአገሩ ትቶታል። አሜሪካም ቻይናም ፈረንሳይም ጅቡቲ ላይ ቤዝ አላቸው፣ ባቡሩ ከኛ ተነስቶ እዛው ነው የሚገባው። የተወካዮች ምክር ቤት አባሎቻችን ለስብሰባ ሲመጡ ስለ መብራትና ውሃ እንደምትጠይቋቸው ሁሉ ይሄንንም ጠይቋቸው፣ ኢትዮጵያ ወደብ ስትደራደር በዛ ወደብ የማን መርከብ ምን ጭኖ እንደሚቆም ውሉ ላይ ይፃፋል ወይ በሏቸው።

በቃ እኔ ጨርሻለሁ፣ ማይኩን ከኋላ ጀምሩት፣ ፊት ያሉት ሁሌም ይናገራሉ።