ደጃዝማች ባልቻ በሁለተኛው የጣሊያን ጦርነት መድፋቸው የት ነበር?

ውድ ተመልካቾቻችን፣ ስለ ዐድዋ ካቀረብነው ዝግጅት በኋላ ብዙዎቻችሁ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ማይጨው ላይ መድፈኛውን የመሩት በየትኛው ግንባር እንደነበረ ጠይቃችሁናል። መልሱ «በየትኛውም አልነበረም» ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መድፉን እንይ።

ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው የመድፈኛ ሥራ አይከብደውም። ልጁ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ያሽከረክራል፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ዝንጀሮው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል፣ ሁለተኛው አልፎት ይሄዳል፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ሲያርፍ ዝንጀሮው እየጮኸ ይሮጣል። ልብ በሉ፤ ልጁ ሁለቱን ድንጋዮች ርቀት ለካባቸው እንጂ አልሳተም። እኔ ሦስተኛውንም እስት ስለነበር ይመስላል ቪዲዮ ሠሪ ሆኜ የቀረሁት። መድፈኛም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ዝንጀሮውም ወንጭፍ መያዙ ነው።

በ1888 ዓ.ም. ያኔ በጅሮንድ (የግምጃ ቤት ኃላፊ) የነበሩት ባልቻ የዳግማዊ ምኒልክን መድፈኞች ሲመሩ በእጃቸው የነበረው ፈጣን ተኳሹ የሆችኪስ መድፍ ነው፤ ስለ አሠራሩ ባለፈው ስለተናገርን እንለፈው፤ ያልተመለከታችሁ ቻናላችን ላይ ታገኙታላችሁ። ይሁንና ጣሊያኖች የያዙትን የመቀሌን ምሽግ ያስለቀቀው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመድፉ ይልቅ የውኃ ምንጩ በኢትዮጵያውያን መያዝ ነው፤ የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ በጥር ወር ምሽጉን የለቀቀው ወታደሮቹ በውኃ ጥም ከተንገበገቡ በኋላ ነበርና።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ከዐድዋ በኋላ ባልቻ የጦር አዛዥ ብቻ ሳይሆኑ የሲዳሞና የሐረርጌ ገዥም ነበሩ፤ ጦራቸውን ያጡትም ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ሳይሆን በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ራስ ተፈሪ በጠሯቸው ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ፤ እርሳቸው ጥቂት መቶ ሰዎች ይዘው የቤተ መንግሥት ግብር (ድግስ) ላይ ተቀምጠው ሳሉ ግን ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄደው ሠራዊቱን በገንዘብ በተኑት። ከግብር ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነበር፤ የሲዳሞ ግዛትም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ እንዲህ ያለ አዛዥ መማረኩ፣ እኔን ከዐድዋው ተኩስ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ከዚያም ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ ገዳም ገቡ። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦር ሲሰለፍ ባልቻ የሚያዙት ጦርም፣ የሚያነጣጥሩት መድፍም አልነበራቸውም። ጠላት አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን፣ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት አልፎ ሳለ፣ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አገምጃ ወርደው እንደገና ጦር መሣሪያ አነሡ። በሚነገረው መሠረት በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከበው እጅ እንዲሰጡ ሲጠይቋቸው የተስማሙ መስለው አስጠጓቸው፤ ከቀረቡም በኋላ በእጃቸው በያዙት መሣሪያ ተኩሰውባቸው እዚያው ወደቁ።