ግፊቴ ደህና ከሆነ የግፊት ኪኒን ለምን እውጣለሁ?

[ምስል፦ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት]

አንዲት እናት ዳገቱን እየወጡ ነው። ጥቂት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸው አብጧል። የልብ ድካም አለባቸው። ኢናላፕሪል ታዞላቸው ነበር፤ ሰሞኑን ግን ትተውታል። «ግፊትሽ ደህና ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ የግፊት ኪኒን ምን ይሠራልኛል?» ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ሆርሞኖች፣ ማለትም ሰውነት በደም የሚልካቸው መልእክተኛ ኬሚካሎች ጋ ነው።

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የእግረኛ ማቋረጫ]

መንገድ ስትሻገሩ ሚኒባስ ድንገት ቢመጣባችሁ ልባችሁ ድው ድው ይላል። ይህን የሚያደርገው አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ነው። ታክሲው ሲያልፍ ትረጋጋላችሁ። ለእኚህ እናት ሰውነት ግን ያ ታክሲ አላለፈም።

የደከመ ልብ በቂ ደም አይረጭም። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ፣ ሰውየው ቆስሎ ደም የሚፈስሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ኩላሊቱ ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል። በሬኒን የተነሳ የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን የደም ሥሮችን ያጠብባል። አንጂዮቴንሲን የሚቀሰቅሰው ሌላው ሆርሞን፣ አልዶስትሮን፣ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ እግር የሚያብጠውም በዚህ ነው። የአድሬናሊን ዘመድ የሆነው ኖርአድሬናሊን ደግሞ ልብን ሌት ተቀን «ቶሎ በል» ይለዋል። የዛለን በሬ እየገረፉ እንደ ማረስ ነው።

[ምስል፦ የመድኃኒት ብልቃጦች]

ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር እየከለከለ ይህን ሰንሰለት መሃል ላይ ይበጥሰዋል። ካርቬዲሎልና ሜቶፕሮሎል የተባሉት መድኃኒቶች ልብን ከአድሬናሊንና ከኖርአድሬናሊን ይከልላሉ። ስፓይሮኖላክቶን የተባለው ደግሞ አልዶስትሮንን ያግዳል። ግፊት መቀነሳቸው እውነት ነው፤ ለልብ ድካም የሚታዘዙት ግን በዋናነት ለዚህ ከለላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ውጤቱ የወጣ ጥናት ነበር። በፊንላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን ልባቸው እጅግ የደከመ 253 ሕሙማን ተሳትፈዋል። በ6 ወር ውስጥ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከተሰጣቸው 44 በመቶው ሞቱ፤ ኢናላፕሪል ከወሰዱት 26 በመቶው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የደም ምርመራው ነው። ኢናላፕሪል ባልወሰዱት ላይ እነዚህ ሆርሞኖች ከፍ ባሉ ቁጥር ሞትም ይበዛ ነበር። በወሰዱት ላይ ያ ግንኙነት አልታየም።

[ምስል፦ እናትየው አግዳሚ ላይ አርፈው]

እማማ፣ ደረቅ ሳል አስቸግሮዎት ከሆነ የተዉት፣ ኢናላፕሪል ያንን ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እንደ ሎሳርታን ያለ ሳል እምብዛም የማያስከትል ምትክ አለ። ካርቬዲሎል ከጀመሩ ደግሞ በትንሽ መጠን ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። መጀመሪያ ላይ ድካም ሊሰማዎት ይችላል። በድንገት ግን አያቋርጡት፤ ተከልሎ የቆየው ልብ አድሬናሊኑን በአንዴ ይጋፈጣል።